የእትዬ ተርትሪው ምላጭ

ልጅቷ ገና ፊደል ሳትለይ ነው ዓይኗ ልክ መያዝ የጀመረው። አባቷ አናጢ ነበር። ሳንቃ አጋድሞ በሜትር ሲለካ አጠገቡ ቁጢጥ ትልና "አባዬ፣ ይሄኛው ከዚያኛው በጣት ያጥራል" ትለዋለች። መጀመሪያ ይስቅባት ነበር። ሲለካው ግን እውነትም ያጥራል። ሌላ ቀን ደግሞ ትለዋለች፤ ይለካል፤ ያጥራል። በኋላ በኋላ ሳቁን ትቶ "ሜትሬ፣ እስቲ ነይ እዪልኝ" እያለ ይጠራት ጀመር። ስሙ በዚያው ቀረ። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ሌላ ስም እንዳላት ረሳው።

አንድ ቀን እናቷ ከገበያ ስትመለስ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ግማሹ የለም። ሜትሬ ቀሚስ ቆርጣበት፣ በእጇ ሰፍታ፣ ለብሳው መስታወት ፊት ቆማለች። እናት ልትቆጣ አፏን ከፍታ እንደከፈተች ቀረች። አንገቱ አንገት ላይ፣ ትከሻው ትከሻ ላይ ቁጭ ብሏል። ያውም ያለ ሜትር፣ ያለ ጠመኔ፣ በወጥ ቤት መቀስ።

"ይቺንማ ለእህቴ ነው የምሰጣት" አለች እናት።

አባትየው አልወደደውም። "ልጅቷ ገና እንቦቃቅላ ናት። እህትሽ ደግሞ አፏም እጇም ስለት ነው።"

"ሙያ በማባበል ይገባል እንዴ? እሷ እኮ ናት ይሄን ሁሉ ልብስ ሰፊ ያፈራች።"

የእናቷ ታላቅ እህት በትልቁ መንገድ ዳር የልብስ ስፌት ቤት ነበራት። መስታወቱ ውስጥ ራስ የሌላቸው ሁለት አሻንጉሊቶች ምርጥ ምርጡን ለብሰው ይቆማሉ። ከኋላቸው ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደሩ የስፌት መኪናዎች፣ ጥግ ላይ የካውያው እንፋሎት። ደንበኛ ሲገባ መኪናው ላይ ካሉት ተማሪዎች አንዷም ቀና አትልም። ፊት ለፊት የሚሏት "እትዬ" ነው። ዘወር ስትል ግን "እትዬ ተርትሪው" ናት። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። የተሰፋ ልብስ ትቀበላለች፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርዳለች፣ ልብሱን ትገለብጥና ገበሩን፣ ስፌቱን፣ ቅምቅማቱን በጥፍሯ እየተከተለች ታያለች። ከዚያ ምላጯን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ "ተርትሪው" ትላለች። በቃ፣ ሌላ ቃል የላትም። ባሏ ጥሏት የሄደው እሱንም ተርትራ መልሳ ልትሰፋው ስለሞከረች ነው እያሉ ተማሪዎቹ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር።

ሜትሬ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ መዋል ጀመረች። ቁልፍ ከመትከል አልፋ መቁረጥ ላይ ለመድረስ ሌሎቹ የፈጀባቸውን ጊዜ ግማሹን እንኳ አልፈጀባትም። ደንበኛ በር ላይ ቆማ ገና ኮቷን ስታወልቅ ሜትሬ ወገቧን በዓይኗ ለክታ ጨርሳለች። እትዬ ይህን ታያለች፤ አይታም ዝም ትላለች። ለሌሎቹ ጥፋታቸውን በጣቷ ታሳያቸዋለች፤ "እዚህ ጋ ተሸብሽቧል"፣ "ይሄ ክር ላልቷል" ትላለች። ለሜትሬ ግን አትነግራትም።

"እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?"

"አንቺ ዓይን አለሽ አይደል? ፈልጊው።"

ትፈልጋለች። እንባዋ መርፌውን እየጋረደባት፣ ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ እየዳሰሰች ትፈልጋለች። ስታጣው ሙሉውን ትተረትርና እንደገና ትሰፋለች። ፈልጋ ያጣችው ጥፋት ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ የገባት ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላ ነው።

ማስመሪያም ነበር። ከእንጨት የተሠራ፣ ጠርዙ የተበላ፣ የጣት አንጓ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ካውያው ጋ ድረስ የሚሰማ። ግን ሜትሬን የበላት ማስመሪያው አልነበረም። ደንበኞች ሞልተው እያለ የሠራችው ልብስ ወደ ላይ ተይዞ "ይሄን ሰው ይለብሰዋል ብለሽ ነው?" ሲባል ነው። የማስመሪያው ህመም ማታ ይበርዳል፤ ይሄኛው ተከትሏት ቤት ይገባል።

አባቷ አንድ ሁለቴ ሊመልሳት ሄዶ ነበር። እትዬ ደጃፍ ላይ አቁማ "ልጅህን ሰው ላድርጋት ወይስ ሳንቃ ልታስይዛት ነው?" ብላ አሳፍራ ሰደደችው። እናቷ ደግሞ ያበጠውን ጣት በለብ ያለ ውኃ እያሸች "የምትመታው ስለምትወድሽ ነው፤ የማትረባዋንማ መች ታያታለች" ትላት ነበር። ሜትሬም አመነች። ልጅ ነበረች፤ የምትወዳት እናቷ ናት የነገረቻት።

እድሜዋ ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ አንድ የሙሽራ ቀሚስ መጣ። ሙሽሪት ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ የለበሰችው ሁሉ ወታደር ያስመስላታል። እትዬ ሌላ ሥራ ይዛ ስለነበር "ቁረጪው" አለቻት። ሜትሬ ጨርቁን ዘርግታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ደረቱንና እጅጌውን ከአንድ ጨርቅ፣ ትከሻው ላይ ስፌት ሳይኖረው፣ ከአንገት እስከ ክንድ እንደ ውኃ እንዲወርድ አድርጋ ቆረጠችው። ማንም አላሳያትም። ከየት እንደመጣላት ለራሷም አታውቅም። ሰፍታ አሻንጉሊቱ ላይ ስታለብሰው ሌሎቹ ተማሪዎች መኪናቸውን አቁመው ተነሱ።

እትዬ መጣች። ዞረችው። መነጽሯን አወረደች። ገልብጣ አየች፤ መልሳ አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ፤ ሜትሬ እስከ ዛሬ ስም አላወጣችለትም። ከዚያ እንደ ወትሮው ምላጩን አልወረወረችም። በራሷ እጅ ይዛ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ሰነጠቀችው። ስፌቱን አይደለም፤ ጨርቁን ነው።

"ትከሻው ይስባል" አለች።

ሜትሬ በተረፈው ጨርቅ፣ በእትዬ አሮጌ ቁርጥ፣ ለሙሽሪት ሌላ ቀሚስ ሰፋች። ሙሽሪትም እንደለመደችው ወታደር መስላ ተዳረች።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲመለስ ሜትሬ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ መስታወቱ ፊት ቆማ ቀረች። አሻንጉሊቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ትከሻው ስፌት የለውም። ከአንገት እስከ ክንድ እንደ ውኃ ይወርዳል። ሁለት ሴቶች አጠገቧ ቆመው "እትዬ እኮ እጇ የተባረከ ነው" ይባባላሉ።

ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "እትዬ፣ ያ የእኔ አይደለም?" አለች።

እትዬ ከምትቆርጠው ጨርቅ ቀና አላለችም። "እዚህ ቤት ያለው ሁሉ የእኔ ነው። አንቺንም ጨምሮ።"

ሜትሬ በመጣችበት እግሯ ተመልሳ ወጣች። የሥራ ሽርጧ መስቀያው ላይ፣ የጀመረችው ሸሚዝ መኪናው ላይ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። እናቷ አልቅሳ፣ ተቆጥታ፣ ለምና መመለስ አቃታት። አባቷ ግን ከሥራ ቤቱ ሳንቃ አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሠራላት።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የጀመረችው። ሥራዋ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ከሳሎን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከጠባቡ ክፍል ወደ ሰፊ ቤት ወጣች። አገባች፤ ልጅ ወለደች። ከውጭ ላያት የጎደላት ነገር የለም። ከውስጥ ግን ያቺ ሴትዮ አብራት መጥታለች።

ያለቀ ልብስ ከእጇ አይወጣም። ትገለብጠዋለች፣ መልሳ ትገለብጠዋለች፣ ደህና የነበረውን ስፌት ትተረትራለች። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ "እኔ ዛሬ ነው የምለብሰው" እያለ እሷ ምላጭ ይዛለች። አውቶቡስ ነጂው ባሏ "አንድ ቀን አንዷ ሙሽራ በአንሶላ ተጠቅልላ ትዳራለች፤ ጥፋተኛዋም አንቺ ነሽ" እያለ ይቀልዳል። ደንበኛ "እንዴት ያምራል" ሲላት ደግሞ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስል ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች። አንድ ነገር ግን ያኮራት ነበር። በቤቷ ማስመሪያ ጨርቅ ለመለካት ብቻ ነው። ማንንም መትታ፣ በማንም ላይ ጮኻ አታውቅም።

እንዲህ እያለች ሳለ አንድ ቀን እናቷ መጣች።

"እትዬ ሱቋን ልትዘጋ ነው። እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ተማሪዎቿ አዳራሽ ተከራይተው ሊያመሰግኗት ነው። አንቺ እንድትናገሪ ነው የተፈለገው።"

"እማዬ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።"

"ከአንቺ የበለጠ ስም ያለው ማን አለ? ሁለት ቃል ነው። 'እርስዎ ባይኖሩ እኔም አልኖርም' ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። ያለ እሷ ምን ትሆኚ ነበር? እስቲ ራስሽን ጠይቂ።"

ሜትሬ አሮጊት እናቷን ማስከፋት ከበዳትና እሺ አለች። ሁለት ቃል ምን አላት።

የአዳራሹ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ደንበኛ ሸኝታ ስትመለስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቅጭጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ጎንበስ ብላ አየች። ሚጢጢ የሚሏት ልጇ ናት። ገና የወተት ጥርሷን ጥላ አልጨረሰችም። እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራች ትንሽ ቦርሳ ጭኗ ላይ ይዛ፣ በእናቷ ምላጭ ትተረትራለች።

ሜትሬ ቀስ ብላ ምላጩን ከእጇ ወሰደች። ከዚያ ቦርሳውን። ግማሹ ተፈትቷል። ያልተፈታውን አየችው። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ማዕዘኑ ላይ በዚያ እድሜ ማንም ሊያዞረው በማይችል ጥንቃቄ ዞሯል።

"ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ማን ተርትሪው አለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ትተረትሪዋለሽ፣ የኔ እናት? እንዲህ ቀጥ ብሎ?"

ልጅቷ ክሩን በጣቷ ጠቀለለች። "አንቺ ልታዪው ነዋ።"

"ባየውስ?"

"ስታዪው ዝም ትያለሽ። ከዚያ ትገለብጪዋለሽ። ከዚያ ደግሞ ዝም ትያለሽ።" ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ቅሬታ እንኳ የለም፤ ስለ ዝናብ የምታወራ ነው የሚመስለው። "አንቺ ሳትተረትሪው እኔው ልቅደም ብዬ ነው።"

ሜትሬ ጠረጴዛው ሥር፣ ልጇ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አልመታሁም፣ አልጮህኩም እያለች ስትኩራራ የኖረችው ሁሉ ገደል ገባ። እትዬ ተርትሪው አንድም ቀን ደጃፏን ሳትረግጥ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ገብታለች። ሐዘኗ ረጅም አልነበረም። ተከትሎት የመጣው ንዴት ነው፤ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ የሚወጣ፣ ለዓመታት የት ተቀምጦ እንደነበር የማታውቀው ንዴት።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እትዬ ከፊት ባለ ክንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ጀርባዋ ግን ዛሬም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። አንዷ እየተነሳች ሌላዋ እየተቀመጠች አመሰገኑ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት፤ ቁጣዎ ሰው አደረገን፣ ዱላዎ ዳቦ ሆነን። ከዚያ ሜትሬ ተጠራች።

"እንድል የተነገረኝ 'እርስዎ ባይኖሩ እኔም አልኖርም' ነው" አለች። "አልለውም። ውሸት ነው። ወደ እትዬ ቤት ስሄድ ዓይኔን ይዤ ነው የሄድኩት። ቀሚስ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ለብሼ ነው የሄድኩት። እትዬ ስፌት አስተምረውኛል፤ ለእሱ አመሰግናለሁ። ሌላም ነገር አስተምረውኛል። ያማረ ነገር ስሠራ መፍራት። ለእሱ አላመሰግንም።"

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። እናቷ ከፊተኛው ረድፍ በዓይኗ ትለምናታለች።

"ያለ እሳቸው ምን ትሆኚ ነበር ይሉኛል። እሱንማ ማንም አያውቅም። ለማወቅ ከሁሉም የምጓጓው እኔ ነበርኩ። ዱላው ነው ሰው ያደረገን የምትሉ፣ አብረውን ጀምረው መርፌ ዳግመኛ ሳይነኩ የቀሩትን ቆጥራችኋቸዋል? እኛ የተረፍነው ስለተመታን አይደለም። ተመትተንም ተረፍን እንጂ። እኔ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተረፍኩም። ልጄ ሰሞኑን ሥራዋን ከእኔ ደብቃ ስትተረትር ነበር። ይሄ ከእኔ ወዲያ አያልፍም። እዚህ የቆምኩት ይሄን ለማለት ነው።"

አንዲት ሴት "ምስጋና ቢስ" አለች፤ ሁለት ሦስት ሰው አጉረመረመ። ሌላዋ፣ ከኋላ በር አጠገብ የቆመች፣ ድሮ ከሜትሬ አጠገብ ባለው መኪና ላይ የምትሰፋ፣ አሁን ዳቦ ቤት የምትሠራ ረጅም ሴት፣ ሻርፏን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እትዬ በጣቷ ጠራቻት። ሜትሬ ሄዳ ከፊቷ ቆመች።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

የእትዬ እጅ በልማድ ተነሳ። የሚንቀጠቀጡት ጣቶች የሜትሬን ኮት ጫፍ ያዙና ገበሩን ለማየት መገልበጥ ጀመሩ። ሜትሬ እጇን በአሮጊቷ እጅ ላይ አደረገች።

"አይገልብጡት፣ እትዬ።"

"ምን ደብቀሽ ነው?"

"ምንም። ልብሴ ነው።"

እትዬ ኮቱን ለቀቀች። ከዚያ የቀኝ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን አሳየቻት። ያረጀ የቃጠሎ ጠባሳ ነው፤ የካውያ ጫፍ ቅርፅ እንዳለው ጎልቶ ይታያል። "እኔን ያስተማረችኝ ሴትዮ እንዲህ ነበረች። እኔ አንቺን አቃጥዬሻለሁ?"

ሜትሬ ጠባሳውን አየችው። እትዬም ያኔ ሕፃን ነበረች። "አላቃጠሉኝም" አለች። "በእርስዎ ላይ የተደረገው ክፉ ነው። እርስዎ ያደረጉትም ክፉ ነው። አንዱ ሌላውን አያጸዳውም።"

"አፍ አውጥተሻል።"

"አዎ። ያ የሙሽራ ቀሚስ ያምር ነበር፣ እትዬ።"

አሮጊቷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሜትሬ የሆነ ነገር ትላለች ብላ ጠበቀች፤ ድሮ የምትጠብቀውን ዓይነት ነገር።

"ትከሻው ይስብ ነበር" አለች እትዬ።

"አይስብም ነበር" አለች ሜትሬ፣ ረጋ ብላ። "ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ።" ቦርሳዋን አንስታ በመካከል ባለው መተላለፊያ ሄደች። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። የዳቦ ቤቷ ሴት በር ላይ እጇን ይዛ ጨበጠቻት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አልሰመረም። እናቷ ለወራት ደጃፏን አልረገጠችም። ስትመጣም ስለዚያ ቀን ሳታነሳ፣ ኪሱ የተቀደደ ካፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "እስቲ እዪልኝ" አለች፤ እርቁ ያ ነበር። እትዬ ደግሞ ለመጣው ሁሉ "እጇን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አፏን ከአባቷ ነው ያመጣችው" ትላለች ይባላል። ሜትሬ ሰምታ ሳቀች። "ስለ አፌ እንኳ ልክ ናቸው" አለች።

ፍርሃቱም በአንድ ጊዜ አልለቀቃትም። አንዳንድ ቀን ያለቀ ልብስ አስረክባ እጇን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጋ ትቀመጥበታለች፤ ደንበኛው መንገድ እስኪሻገር። ማመስገንም መማር ነበረባት። መጀመሪያ "ጎበዝ" ያለቻት ቀን ሚጢጢ ደንግጣ "እማ፣ አሞሻል?" አለቻት፤ ባሏም ከኋላ ግንባሯን በመዳፉ ዳሰሰ።

አንድ ቅዳሜ ሚጢጢ ለራሷ ጃኬት ቆርጣ ይዛ መጣች። አልደበቀችውም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሜትሬ አየችው። አልገለበጠችውም።

"እጅጌው በጣም ያምራል። ኮሌታውንም ወድጄዋለሁ። ኪሱ ግን ጠሟል።"

"ጠሞ ነው የፈለግኩት።"

"ኪስ እኮ ቀጥ ብሎ ነው..."

"እማ። እጄን እዪው።" ጃኬቱን ለበሰችና እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ክንዷ እንደሄደበት፣ አንጓው ሳይታጠፍ፣ እጇ ባዘነበለው ኪስ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። "ቀጥ ያለው እጄን ያጥፈዋል። ይሄን አልቀይረውም።"

ሜትሬ የራሷን እጅ በራሷ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተች። እውነትም አንጓዋ ታጠፈ። ዕድሜዋን ሙሉ ታጥፎ ኖሯል ለካ፤ ልብ ብላው አታውቅም።

"አትቀይሪው" አለች። "የእኔንም እንዲህ አድርጊልኝ።"

ሚጢጢ ጠመኔውን አነሳችና እናቷን "ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለቻት።